ስኩዊድ ፕሮክሲ ሰው ሲበዛበት የሚንቀራፈፈው የት ላይ ነው?

አንድ የኢንተርኔት መስመር ለመቶና ለሁለት መቶ ኮምፒውተር ማካፈል ያለበት የጎጃም ኮሌጅ፣ ሆስፒታል ወይም የዞን መሥሪያ ቤት፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ፣ ፕሮክሲ (በተጠቃሚው ኮምፒውተርና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ ጥያቄ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ልትከል ሲል መጀመሪያ የሚመጣለት ስም ስኩዊድ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። እዚህ የምንገመግመው ከኡቡንቱ 24.04 ጋር የሚመጣውን 6ኛውን ቨርዥን ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፦ የኮምፒውተር ላቡ ሲሞላና ሁሉም «ኢንተርኔት የለም» ማለት ሲጀምር፣ ስኩዊድ ችግሩ የት እንዳለ ለማግኘት ምን ያህል ያግዛል?

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ስኩዊድ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በሚተክለው ምክንያት አይደለም። «ካሽ ያደርግልናል (አንዴ የወረደውን አስቀምጦ ለሌላውም ይሰጣል)፣ መስመር ይቆጥብልናል» ተብሎ ከተተከለ ያሳዝናል። መስመርን በፍትሕ ለማካፈል፣ ማን ምን እንደተጠቀመ ለማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍጥነት ሲወርድ የጠፋው ጊዜ የት እንደጠፋ ለማየት ከተተከለ ግን ድካሙን ይክሳል። ሲንቀራፈፍም ጥፋቱ በአብዛኛው ከፕሮግራሙ ሞተር ሳይሆን ከዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ከሚፈታው አገልግሎት)፣ ከዲስክና ለትንሽ ቢሮ ታስበው ከተቀመጡት መነሻ ቁጥሮች ይመነጫል። ስለዚህ ሰርቨሩን ፎርማት ከማድረግና አዲስ ማሽን ለመግዛት ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት የራሱን ሪፖርት ማንበብ ይገባል።

ሪፖርቱ ካሽ ማኔጀር በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። በኡቡንቱ 24.04 ላይ ስኩዊድክላየንት የሚባለውን ፓኬጅ ለብቻው ጭናችሁ «ኤምጂአር፡ኢንፎ» ብላችሁ ስትጠይቁት አንድ ረጅም ገጽ ያወጣል። (በ7ኛው ቨርዥን ይህ መሣሪያ ስለተወገደ ያንኑ ገጽ ከርል በሚባለው የትእዛዝ መሣሪያ መጥራት ያስፈልጋል።) ከገጹ መካከል «ሚዲያን ሰርቪስ ታይምስ» የሚል ሰንጠረዥ አለ። ቁጥሮቹ በሰከንድ ሲሆኑ አንዱ ዓምድ ያለፉትን 5 ደቂቃዎች፣ ሌላው ያለፉትን 60 ደቂቃዎች ያሳያል። ከመስመሮቹ ሦስቱን ለይታችሁ ያዙ፦ ካሽ ሚስ፣ ካሽ ሂት እና ዲኤንኤስ ሉክአፕ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ሂት ማለት መልሱ ከራሱ ከሰርቨሩ የተሰጠ ስለሆነ ከውጭ መስመር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሚስ ማለት ደግሞ መልሱ ከውጭ የመጣ ነው። የሂቱ ቁጥር 0.002 አካባቢ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው። 0.2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ቤት ውስጥ ነው፦ ዲስክ፣ ሜሞሪ ወይም ፕሮሰሰር። ሂቱ ፈጣን ሆኖ ሚሱ 3 እና 4 ሰከንድ ከሆነ ወደ ውጭ ተመልከቱ፦ መስመሩ ሞልቷል ወይም ስም የሚፈታው ሰርቨር ዘግይቷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የዲኤንኤሱ መስመር ይለያል። ዲኤንኤሱ 0.03 ከሆነ መስመሩን ጠርጥሩ፤ 1 ሰከንድ ካለፈ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አክሙ። ይህን ሦስት ቁጥር ማንበብ የ2 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ስኩዊድን እንድናደንቀው የሚያደርገን ትልቁ ነገርም ይኸው ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገጹ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ጂኤምቲ ነው። ከእሱ ላይ 3 ስትቀንሱ በእኛ አቆጣጠር ያለው ሰዓት ይመጣል፤ ገጹ 8 ሰዓት ካለ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው ማለት ነው። አክሰስ ሎጉ (የእያንዳንዱ ጥያቄ መዝገብ) ደግሞ ጊዜውን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ስለሚጽፍ ቀይሮ ማንበብ ያስፈልጋል። «ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቆመ» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ሰዓቱን በትክክል ሳታዛምዱ ሎግ ብትፈትሹ የምታነቡት የሌላ ሰዓት ታሪክ ነው።

አክሰስ ሎጉ ከተነሣ ዘንድ፣ በየመስመሩ ሁለተኛው ቁጥር ጥያቄው የወሰደው ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይደነግጣል። «ቲሲፒ ተነል» የሚል መስመር ላይ 240000 የሚል ቁጥር ሲያይ «ገጹ ለመክፈት 4 ደቂቃ ፈጀ» ይላል። አይደለም። ኤችቲቲፒኤስ የሆነ (የተመሠጠረ) ነገር ሁሉ በስኩዊድ ውስጥ የሚያልፈው እንደ ተዘጋ ቱቦ ነው፤ ቁጥሩ ቱቦው ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ እንጂ የመዘግየት ልክ አይደለም። ቴሌግራምን በኮምፒውተር ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ሰዓት የሚፈጅ መስመር ይጽፋል፣ ምንም ሳይዘገይበት። መዘግየትን ከሎግ መለካት ከፈለጋችሁ ኤችቲቲፒ የሆኑትንና «ቲሲፒ ሚስ» የሚሉትን ብቻ ለይታችሁ ተመልከቱ።

ይኸው ቱቦ ነው የካሽን ነገር የጨረሰው። ዛሬ ድረ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል ኤችቲቲፒኤስ ስለሆነ ስኩዊድ ውስጡን አያይም፤ ያላየውን ደግሞ አያስቀምጥም። ኤስኤስኤል ባምፕ በሚባለው መንገድ ቱቦውን ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የራስን ሰርተፊኬት መጫን ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃል፣ ሰርተፊኬት አጥብቀው የሚፈትሹ የባንክ አፖችን ያስቆማል፤ የሰውን የግል መልእክትም በመሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ያደርጋል። በካሽ የሚጠቅም የቀረው በኤችቲቲፒ የሚወርድ ነገር ነው፤ ዋናዎቹ የኡቡንቱ ፓኬጆችና የዊንዶውስ አፕዴት ፋይሎች ናቸው።

የዊንዶውስ አፕዴቱን እንኳ ያለ ማስተካከያ አይዘውም። ማክሲመም ኦብጀክት ሳይዝ (የሚቀመጥ ፋይል ትልቁ ልክ) ሲመጣ 4 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ፋይል ዲስክ ላይ አይቀመጥም። ቁጥሩን ስታሳድጉ ከካሽ ዲር (የዲስክ ካሹን ቦታና ልክ ከሚወስነው) መስመር በላይ ጻፉት፤ ከታች ከሆነ ለዚያ ዲር አይሠራም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ፋይሉን ቆራርጦ ስለሚጠይቅ ሬንጅ ኦፍሴት ሊሚት የሚባለውን ካልከፈታችሁ ስኩዊድ ቁራጮቹን አያስቀምጥም። እዚህ ላይ ግን አደጋ አለ፦ ገደቡን ለሁሉም ድረ ገጽ ከከፈታችሁት፣ ተማሪ ከአንድ ቪዲዮ መሃል ትንሽ ቁራጭ ሲጠይቅ ስኩዊድ ፋይሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጎትታል። መቶ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ አንድ አፕዴት ሲጠይቅ ደግሞ የመጀመሪያው እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ ፋይል ደጋግሞ ያወርዳል። ኮላፕስድ ፎርዋርዲንግ የሚባለው ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያደርጋል፤ ሲመጣ ግን ጠፍቶ ነው። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ መስመሩ ያለምክንያት ሞልቶ ካገኛችሁት ይህን ፈትሹ። እውነቱን ለመናገር፣ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ያለውን ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ከፍቶ ኮምፒውተሮቹ አፕዴቱን እርስ በርሳቸው እንዲቀባበሉ ማድረግ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ እንግባ፤ ዲኤንኤስ። ስኩዊድ ስም የሚፈታበት የራሱ ክፍል አለው፤ የስም ሰርቨሮቹን አድራሻ ከሲስተሙ ፋይል ወይም ዲኤንኤስ ኔምሰርቨርስ ከሚለው መስመር ያነባል። የመጀመሪያው ሰርቨር መልስ ካልሰጠ ወደሚቀጥለው የሚዞረው 5 ሰከንድ ጠብቆ ነው። ምልክቱ በጣም ግልጽ ነው፦ አዲስ ድረ ገጽ ስትከፍቱ አምስት ሰከንድ ያህል ምንም አይታይም፣ ከዚያ ገጹ በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል፤ ያንኑ ገጽ ደግማችሁ ስትከፍቱ ፈጣን ነው። ይህን ያየ ሰው መስመር አቅራቢውን ከመውቀሱ በፊት ከሰርቨሩ ላይ በዲግ ትእዛዝ እያንዳንዱን የስም ሰርቨር ለየብቻ ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንደኛ ላይ የተጻፈ፣ ከዓመታት በፊት የተነሣ ሰርቨር አድራሻ ነው። የትኛውም ሰርቨር ካልመለሰ ስኩዊድ ተስፋ የሚቆርጠው በ30 ሰከንድ ነው፤ ተጠቃሚው ግን ከዚያ በፊት ገጹን ደጋግሞ ሪፍሬሽ እያደረገ ጭነቱን ያበዛዋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንባውንድ የሚባለውን ስም ፈቺ ፕሮግራም እዚያው ሰርቨር ላይ ጫኑና ዲኤንኤስ ኔምሰርቨርስን ወደ 127.0.0.1 (ወደዚያው ሰርቨር ራሱ) አዙሩት። አይፒ ካሽ ሳይዝ ሲመጣ 1024 ስም ብቻ ይይዛል፤ ሁለት መቶ ሰው ባለበት ቦታ ወደ 8192 ከፍ ማድረግ የሚፈጀው ሜሞሪ ኢምንት ነው። በተጨማሪ የአክሰስ ደንቦቻችሁን አንብቡ፦ ዲኤስቲ የሚል ደንብ (በመድረሻ አይፒ የሚከለክል) ካለ ስኩዊድ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስሙን ፈትቶ እስኪጨርስ ይቆማል። ኤስአርሲ ዶሜይን ደግሞ የተጠቃሚውን አይፒ ወደ ስም ለመመለስ ይሞክራል፤ የውስጥ ኔትወርካችሁ የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ ከሌለው ሁሉም ጥያቄ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ሳይኖሩ መኖር ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፋይል ዲስክሪፕተር (ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይልና ግንኙነት የሚሰጠው ቁጥር) ነው፤ ሰው ሲበዛ ብቻ የሚታይ ስለሆነ ብዙ ያደናግራል። እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ዲስክሪፕተር ይወስዳል፤ አንዱ ወደ ተጠቃሚው፣ አንዱ ወደ ውጭ። ዲስክ ላይ የሚጻፍ ነገር ካለ ሦስተኛ ይጨመራል። አንድ ኮምፒውተር ብራውዘርና ቴሌግራም ከፍቶ 10 ቱቦ ቢይዝ፣ 200 ኮምፒውተር 4000 ዲስክሪፕተር ይፈልጋል። በብዙ አተካከል ላይ ገደቡ 1024 ስለሆነ 50 ሰው ገደማ ሲገባ ያልቃል። ያን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ቀድሞ የተከፈተ ቪዲዮ መጫወቱን ይቀጥላል፣ አዲስ ገጽ ግን አይከፈትም። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው፣ መስመሩም አልሞላም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁሉ ሰላም፣ ላቡ ሲሞላ ዝም፣ በምሳ ሰዓት እንደገና ሰላም። ካሽ ሎጉ (ስኩዊድ ስለ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ) ላይ ዲስክሪፕተር እያለቀበት እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ መስመር ይጻፋል፤ በኢንፎ ገጹም ላይ ከፍተኛው ቁጥርና የቀረው ቁጥር ጎን ለጎን ይታያል።

ለማስተካከል ሁለት ቦታ መንካት ያስፈልጋል። በኮንፊግ ፋይሉ ማክስ ፋይልዲስክሪፕተርስ 16384 በሉ፤ ሰርቪሶችን በሚያስተዳድረው በሲስተምዲ በኩል ደግሞ የስኩዊድን ሰርቪስ ኤዲት አድርጋችሁ ሊሚት ኖፋይል የሚለውን ወደዚያው ቁጥር አምጡት። አንዱን ብቻ ነክቶ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ነው፤ ዝቅተኛው ገደብ ያሸንፋልና። ከዚያ ሪኮንፊገር ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ሪስታርት ያስፈልጋል። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የፓርስ ትእዛዙን አስኬዱ፤ የተሳሳተ መስመር ካለ ሰርቨሩ ሳይወድቅ ይነግራችኋል። በዚህ ነገር ስኩዊድን እንነቅፈዋለን፦ ይህን ያህል የታወቀ ችግር ከሆነ መነሻ ገደቡ ከፍ ብሎ መምጣት ነበረበት።

ሜሞሪ ላይ ያለው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ካሽ ሜም የሚለውን ቁጥር ሰው የስኩዊድ ጠቅላላ ሜሞሪ ይመስለዋል። አይደለም፤ በሜሞሪ ለሚቀመጡ ገጾች የተመደበ ብቻ ነው፣ ሲመጣም 256 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በላይ ዲስክ ላይ ላለው ካሽ ማውጫ ይያዛል፤ በ64 ቢት ማሽን ለ1 ጊጋባይት ዲስክ 14 ሜጋባይት ገደማ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር ላይ ካሽ ሜም 6 ጊጋባይት፣ ካሽ ዲር 200 ጊጋባይት ቢባል፣ ማውጫው ብቻ 2.8 ጊጋባይት ይሆናል፤ ድምሩ ከራሙ ያልፋል። ማሽኑ ወደ ስዋፕ (ዲስክን እንደ ሜሞሪ ወደ መጠቀም) ይገባል፣ ያን ጊዜ ሂት እንኳ ከሚስ ይዘገያል። ቪኤምስታት አስኬዳችሁ ኤስአይ እና ኤስኦ የሚሉት ዓምዶች ዜሮ ካልሆኑ ጉዳዩ ይህ ነው። ለ8 ጊጋባይት ማሽን ካሽ ሜም 2 ጊጋባይት፣ ካሽ ዲር ከ50 ጊጋባይት ያልበለጠ ይበቃል።

ካሽ ዲሩ እንዴት እንደሚጻፍም ለውጥ አለው። ዩኤፍኤስ የሚባለው ዓይነት ዲስኩ አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ ሙሉውን ስኩዊድ ያቆመዋል፤ አንድ ሰው ፋይል ሲጠብቅ 199 ሰው አብሮ ይጠብቃል። ኤዩኤፍኤስ ያንኑ ሥራ በተለያዩ ትሬዶች ስለሚሠራ ቃሉን ብቻ መቀየር ይበቃል። የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ በሰከንድ መቶ ገደማ የተበታተነ ንባብ ነው የሚችለው፤ አይኦስታት ላይ ዩቲል የሚለው ቁጥር 100 አጠገብ ተቸክሎ ካያችሁ ኤስኤስዲ ግዙ ወይም የዲስክ ካሹን አጥፉት። እኛ ማጥፋቱን እናስቀድማለን። የካሽ ዲር መስመሩን ዘግቶ በሜሞሪ ብቻ መሥራት ለአብዛኛው ቢሮ ምንም አያጎድልም፤ ምክንያቱም ከላይ እንዳልነው የሚቀመጥ ነገር ራሱ ጥቂት ነው። የአንድ ሳምንት ሎግ አውጥታችሁ ከጠቅላላው ባይት ውስጥ በሂት የተሰጠው ስንት እንደሆነ አስሉ። 5 ከመቶ ካልሞላ ዲስኩን በከንቱ ነው የምታደክሙት።

ለጎጃም ከተሞች ዲስክ ካሽ የማይመችበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ መብራት። ሰርቨሩ በወጉ ሳይዘጋ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ስኩዊድ «ሪቢልዲንግ ስቶሬጅ» ብሎ ማውጫውን እንደገና ይሠራል። በካሽ ሎጉ ላይ «ደርቲ ሎግ» የሚል ቃል ታያላችሁ። የማውጫው ፋይል ከነጭራሹ ከተበላሸ እያንዳንዱን የካሽ ፋይል አንድ በአንድ እየከፈተ ያነባል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያ መሃልም ተጠቃሚው ሁሉ ይሰቃያል። «መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኢንተርኔቱ ይከብዳል» የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዩፒኤስ ካላችሁ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙትና ባትሪው ሳያልቅ ራሱ ሹትዳውን እንዲያደርግ አድርጉ። ስኩዊድ ሲዘጋ ተጠቃሚዎችን ለመሸኘት 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ሹትዳውን ላይፍታይም የሚለውን ወደ 5 ሰከንድ ማውረድ ደካማ ባትሪ ላለው ጥሩ ነው።

ሰርቨሩ የተቀመጠበትን ክፍልም አትርሱ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ስለሆነ ፋን የሚገፋው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከቆላው ያነሰ ነው። መስኮት በሌለው ቁም ሳጥን ውስጥ የተዘጋ፣ የበጋ አቧራ ፋኑን የሸፈነው ማሽን ከሰዓት በኋላ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሴንሰርስ የሚለው ትእዛዝ ሙቀቱን ያሳያል። በዓመት ሁለት ጊዜ በንፋስ ማጽዳት ነው መድኃኒቱ።

ፕሮሰሰሩ ሳይሞቅም ሊጨነቅ ይችላል። ስኩዊድ ካልተነገረው በቀር በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚሠራው። ቶፕ ላይ ስኩዊድ 100 ከመቶ፣ ሌሎቹ ሦስት ኮሮች ሥራ ፈት ሆነው ካያችኋቸው፣ ዎርከርስ የሚለውን (ስንት የስኩዊድ ፕሮሰስ እንደሚሠራ የሚወስነውን) ቁጥር ለመጨመር አትቸኩሉ። 100 ሜጋቢት ለማይሞላ መስመር አንድ ኮር ከበቂ በላይ ነው፤ የሞላው በሌላ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የምንጠረጥረው የእገዳ ዝርዝሩን ነው። ዩአርኤል ሬጄክስ (አድራሻን በጽሑፍ ንድፍ የሚያመሳስል) በሚለው ደንብ አሥር ሺህ መስመር የጫነ ሰው፣ ስኩዊድ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከላይ እስከ ታች እንዲያነብ እያዘዘው ነው። ያንኑ ዝርዝር ዲኤስቲ ዶሜይን በሚለው ስታስገቡት በዛፍ መልክ ስለሚያስቀምጠው በጥቂት ንጽጽር ያገኘዋል። ከዶሜይኑ ፊት ነጥብ ማድረግ ንዑስ ስሞቹን ሁሉ ያጠቃልላል። ደግሞም ሬጄክሱ ለኤችቲቲፒኤስ የሚያየው የድረ ገጹን ስምና ፖርት ብቻ ስለሆነ፣ የገጹን ውስጥ መንገድ ለመከልከል የተጻፉት መስመሮች ሥራ አይሠሩም፤ ፕሮሰሰር ብቻ ይበላሉ። ዎርከርስ መጨመር የግድ ከሆነ ኤዩኤፍኤስ በዎርከሮች መካከል እንደማይጋራ፣ ሮክ የሚባለው ዓይነት ግን እንደሚጋራ እወቁ።

በስምና በፓስወርድ የምታስገቡ ከሆነ ካሽ ሎጉን ለማረጋገጫ ረዳቶቹ ፈትሹ። ሁሉም ረዳቶች ሥራ ላይ ናቸው የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ቁጥራቸውን ጨምሩ፤ ኤልዳፕ ሰርቨሩ (የተጠቃሚዎቹ ስምና ፓስወርድ የሚገኝበት) ሌላ ካምፓስ ውስጥ ካለ ግን ቁጥር መጨመር እያንዳንዱን ማረጋገጫ አያፈጥነውም፣ ቅርብ የሆነ ቅጂ ያስፈልጋል።

ስኩዊድን በእውነት የምንወድለት ሥራ ዲሌይ ፑል ነው። መስመሩ 20 ሜጋቢት፣ ተጠቃሚው መቶ በሆነበት ቦታ ሁለት ሰው ፊልም ሲያወርድ ሌላው ሁሉ ይቆማል፤ ይህን የሚፈታው ካሽ ሳይሆን ድልድል ነው። ክላስ 2 የሚባለውን ምረጡና ለጠቅላላው 2300000/2300000፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር 64000/1000000 ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ የመጀመሪያው ቁጥር በሰከንድ የሚሞላው ባይት ነው፤ ሁለተኛው የዕቃው ልክ ነው። ከምንጭ በቀጭኑ የሚሞላ እንስራ አስቡ፦ እንስራው ሙሉ ሳለ የሚቀዳ ሰው ፈጥኖ ይቀዳል፣ ካለቀ በኋላ ግን ምንጩ በሚሰጠው ልክ ብቻ። በዚህ ምክንያት ተራ ገጽ የሚከፍት ሰው ገደቡን ሳያውቀው ይውላል፣ 1 ሜጋባይት ያለፈ ማውረድ ግን ወደ 512 ኪሎቢት ይወርዳል።

ቁጥሩ በባይት መሆኑን አጥብቃችሁ ያዙ። 20 ሜጋቢት 2500000 ባይት ነው፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርገን 2300000 ያልነው መስመሩ አፉ ድረስ ሞልቶ ዲኤንኤሱ እንዳይታፈን ነው። በቢት አስቦ 20000000 የጻፈ ሰው ምንም ገደብ አላስቀመጠም፤ በኪሎባይት አስቦ 512 የጻፈ ደግሞ ሙሉ ላቡን ገድሎታል፣ በሰከንድ ግማሽ ኪሎባይት ማንንም አያስተናግድም። ክላስ 2 ኮምፒውተሮችን የሚለየው በአይፒው የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ኔትወርካችሁ ከአንድ በላይ ሰብኔት ካለው 10.0.1.25 እና 10.0.2.25 አንድ እንስራ ይጋራሉ። ያን ጊዜ ክላስ 3 ይሻላል። ዎርከርስ ካበዛችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ዎርከር የራሱን ፑል ስለሚይዝ ገደቡ በዎርከሮቹ ቁጥር ይባዛል።

ሁሉን ፈትሻችሁ መስመሩ ያለምክንያት የሞላ ከመሰላችሁ፣ በአክሰስ ሎጉ ሦስተኛ ዓምድ ላይ ከውስጥ ኔትወርክ ውጪ የሆነ አይፒ አለ ወይ? ፖርት 3128 ወደ ውጭ ክፍት ከሆነና የኤችቲቲፒ አክሰስ ደንቡ ላልቶ ከተጻፈ፣ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው በእናንተ መስመር ይጠቀማል። የመጨረሻው ደንብ «ዲናይ ኦል» መሆን አለበት፣ ስኩዊዱም በውስጥ አይፒው ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ይደረግ።

ደኅንነቱን በተመለከተ ስኩዊድ ያለ ነቀፋ አያልፍም። በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ተመራማሪ በኮዱ ውስጥ ያገኛቸውን 55 ጉድለቶች ይፋ ሲያደርግ አብዛኞቹ ገና አልተጠገኑም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስተካክሏል፤ ይሁንና ከአምስት ዓመት በፊት ተጭኖ ያልተነካ ስኩዊድ ለጥቃት ክፍት ነው። የኡቡንቱን የደኅንነት አፕዴት በየወሩ ጫኑ።

ከ50 እስከ ጥቂት መቶ ተጠቃሚ ላለው፣ ኮንፊግ ፋይል ማንበብ የማይሰለቸው ባለሙያ ላለው ተቋም ስኩዊድን እንመክራለን። አራት ኮር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ይበቃዋል፤ ከተረፈ ገንዘብ ዩፒኤስ ግዙበት። አሥር ኮምፒውተር ያለው የቢቸና ወይም የዳንግላ ኢንተርኔት ቤት ግን አያስፈልገውም። ደህና ራውተር ላይ ያለው የፍጥነት መደልደያና የዲኤንኤስ ካሽ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነሣሉ።